እንግዳ ፊት የማታወራው መኪና

ባለፈው ሳምንት አዳማ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ተሳፍሬ ነበር። ሹፌሩ በመኪናው የሚኮራ ወጣት ነው፤ «መነሳታችንን አላወቅሽም አይደል?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። እውነቱን ነው፣ አላወቅሁም። የሞተር ድምፅ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ፣ የሚንኳኳ ነገር የለ። እንደ ልማዴ ከኋላ ነው የተቀመጥኩት፤ ከፊቴ ያለው ጋቢና ባዶ ነበር። ጥቂት እንደሄድን እጆቼ ራሳቸው ተነስተው የጋቢናውን ጀርባ አቀፉት። ልጁ ምን ነካት ብሎ ነው መሰለኝ ደግሞ በመስታወቱ አየኝ። ወንበሩ ጭጭ እንዳለ ነው። እኔ ግን ሆዴ ባባ፤ እንባዬ ሳይቀድመኝ ብዬ ከመድረሻዬ በፊት አውርደኝ አልኩት።

በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ትዝታ ልታወራ ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ። ልጅነት ካለፈ አለፈ ነው፤ የትናንቱም የሃምሳ ዓመቱም እኩል አይመለስም። እኩዮቼ ይህን ያውቁታል። ትምህርት ቤታችን ገና ጠመኔ ጠመኔ ሲሸት፣ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ስንዘል፣ ጫማችን በጅጅጋ አቧራ ቀለሙን ሲለውጥ የነበረው ጊዜ ቅርብ ይመስላል እንጂ ሩቅ ነው። ያኔ እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ።

አባቴ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው። እናቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ጅጅጋ ተዋወቁ፣ ጅጅጋ ተጋቡ፣ እኔንም እዚያው ወለዱኝ። አንዲት አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ነበረችን። ሽታዋ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ አቧራ፣ ቤንዚን፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት። ወተቱ የጎረቤታችን የኤዶ ፋዱማ ነበር። ኤዶ በሱማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። ኤዶ ወተት ነጋዴ ነበሩ፤ በየጠዋቱ አባቴ እኔን ትምህርት ቤት ሲያደርስ እሳቸውንም ከነጀሪካናቸው ገበያ ያደርሳቸው ነበር።

ጋቢና እኛ ዘንድ ዝም ብሎ ወንበር አይደለም፤ ክብር ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ ይለቀቃል፣ እንግዳ ሲመጣ ይለቀቃል፣ ባለሙያ ሲመጣ በሩ ራሱ ተከፍቶለት «ኖር፣ ግባ» ይባላል። በእኛ መኪና ጋቢናው የእናቴ ነበር። እሷ ከሌለች የኤዶ ወይም የእንግዳ ነው፤ የእኔ ግን መቼም ሆኖ አያውቅም። እኔ ከእናቴ ጀርባ ተቀምጬ፣ ወንበሯን ከነእሷ አቅፌ፣ አገጬን ትከሻዋ ላይ አስደግፌ ነበር የምሄደው። እሷ ብርቱካን ትልጥና ዞር ሳትል በትከሻዋ በኩል አንድ አንድ ፍሬ ታቀብለኛለች። አፏ ደግሞ አያርፍም ነበር። «አስናቀ ቀስ በል፣ አስናቀ ያቺ ባጃጅ ልትገባብህ ነው፣ አስናቀ ፍየል» ስትል አባቴ «አይቻታለሁ» ይላል። ከቤት እስከምንደርስበት ድረስ እንዲህ ነበርን።

በጥቅምት እናቴ ለአንድ ዓመት ሀርሺን ተመደበች። ሀርሺን ከቀብሪበያ ወዲያ ነው፣ የከብትና የግመል አገር። የወጣች ዕለት ሻንጣዋና ፍራሿ የኋላውን ወንበር ስለሞላው እግሬን የማደርግበት አጣሁ። እናቴ ይህን አየችና የራሷን ወንበር በኃይል ስባ ወደፊት አስጠጋችው። ጉልበቷ ዳሽቦርዱን ነካ። «እግርሽን ዘርጊ» አለችኝ። መናኸሪያ አድርሰን፣ ስመን፣ መኪናው እስኪወጣ ቆመን ተመለስን። አባቴ ወደፊት ነይ አላለኝም፤ እኔም ልምጣ አላልኩም። ገና ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ነው ድምፁ የጀመረው። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። አባቴ «ሰማሽ?» አለኝ፤ ሰማሁ አልኩት።

አባቴ በሁለት ሳምንት ልጠይቅሽ እመጣለሁ ብሎ ለእናቴ ቃል ገብቶላት ነበር። ቅዳሜም ስለሚያስተምር ያለችው እሑድ ብቻ ናት፤ የሕዝብ መኪና ደግሞ ሄዶ ስለሚያድር አይሆንም። እናቴም ጤና ጣቢያው ያለችው ብቸኛ አዋላጅ ስለሆነች ትታ መምጣት አትችልም። ያለን ነገር መኪናችን ናት። መኪናችን ደግሞ ቅጭ ቅጭ ትላለች። አባቴ በነገሩ አይደራደርም ነበር። ምንነቱን የማላውቀው ድምፅ ይዤ፣ ልጅ ጭኜ ሀርሺን አልሄድም አለ። ጎማ ይሁን፣ አሞርዛተር ይሁን፣ ሊወልቅ የደረሰ ነገር ይሁን አይታወቅም፤ ከቀብሪበያ በኋላ አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንች ነው፣ ከግመልና ከግራር በቀር የሚያይህ የለም። ልክ ነበር። ልክ በመሆኑ ጠላሁት። ያ ድምፅ ካልተገኘ እናቴን አላገኛትም ማለት ነው፤ በእኔ ሒሳብ ነገሩ ይኸው ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ማለት የሚወደው አባቴ ፍለጋ ጀመረ። ክሪኩን አወጣ፣ ትርፍ ጎማውን አወጣ፣ የዳሽቦርዱን መሳቢያ አራግፎ ከሦስት ዓመት በፊት የጠፋ የእናቴን ማበጠሪያ አገኘ። አሮጌ ካልሲዎቻችንን ሁሉ በየቀዳዳው ወተፈ። በሮቹን ስፖንጅ እየቆረጠ ጠቀጠቃቸው። የሬዲዮኑን ክዳን በፕላስተር ለጠፈው፤ ሬዲዮኑ ከዚያ ወዲህ ክዳኑ ተከፍቶለት አያውቅም። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ሁለታችን ሰፈሩን እንዞራለን፤ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ ትንፋሻችንን ይዘን። አንዲት ጉድጓድ እስክናገኝ ድረስ ተስፋ አለን። ከዚያ ቅጭ።

በመጨረሻ ባለሙያ ጠራ። አዴር ሙሴን ጅጅጋ የማያውቃቸው ሹፌር የለም፤ አዴር በሱማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። አባቴ እንደ ወጉ የጋቢናውን በር ከፈተላቸውና ኖር አላቸው። ሲገቡ ጉልበታቸው ከዳሽቦርዱ ጋር ተጣበቀ፣ ምክንያቱም ወንበሩ እናቴ ስባ በተወችበት ቦታ ነው ያለው። አባቴ እጁን ወደ ወንበሩ ማንሸራተቻ ሰደደ፤ ከዚያ መለሰው። «ብዙ አንርቅም፣ አዴር፣ ይታገሱኝ» አላቸው። ኮብልስቶኑን፣ ጉድጓዱን፣ በገበያው ጀርባ ያለውን የድንጋይ መንገድ ሁሉ ነዳው። መኪናችን ትንፍሽ አላለችም።

«ማአሊን፣» አሉት አዴር ሙሴ፤ መምህር ማለታቸው ነው፤ «መኪናህ ጤነኛ ነው። ወላሂ ከእኔ ይሻላል።» ጋራዣቸው በር ላይ አወረድናቸው። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ቅጭ ቅጭ ቅጭ። አባቴ አዞረና ጠራቸው፤ ወጉ ነውና አሁንም ጋቢና ገቡ። ዝም። አወረድናቸው፣ ቅጭ። በሦስተኛው ጊዜ አዴር ሙሴ መኪናዋን ትተው አባቴን አዩት። «እንቅልፍ ትተኛለህ?» ብለው ጠየቁት።

ቀጥሎ በቴክኒክ ትምህርት ቤት አውቶ መካኒክ የሚያስተምር ባልደረባውን አመጣ፤ እሱም እንግዳ ነውና ጋቢና ተቀመጠ፤ መኪናዋ ለእሱም ዝም አለችለት። ወሬው ሰፈሩን ዞረ። የማአሊን መኪና ጨዋ ናት፣ እንግዳ ፊት አታወራም ተባለ። ሱቅ ስላክ ሳይቀር «ዛሬስ ምን አለች?» ይሉኝ ነበር። አባቴ ይስቃል፣ ግን ልቡ ተነክቷል። ሰውዬው ለዘጠነኛ ክፍል የድምፅን ባሕርይ የሚያስተምር መምህር ነው። አንድ ጠዋት ኤዶን አውርደን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሊዱ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺም ትሰሚዋለሽ?» አለኝ። እሰማዋለሁ ስለው ትከሻው ወረደ፣ እፎይ ያለ መሰለኝ። ያን ጊዜ አሳዘነኝ።

እናቴ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥታ ትደውል ነበር። ነፋሱ ከእሷ በላይ ያወራል። ስለ ቢርካ ትነግረኛለች፣ የዝናብ ውኃ ስለሚጠራቀምበት ጉድጓድ፤ ሌሊት ስላዋለደቻቸው መንትዮች ትነግረኛለች፤ ከዚያ አባትሽን ስጪኝ ትላለች። አባቴ ሁልጊዜ ያው ነው፤ መኪናዋን ላስተካክል። መጀመሪያ ላይ ትስቅበት ነበር። ኅዳር ላይ መሳቋን ተወች። አንድ ቀን «መምጣት ካልፈለግህ ንገረኝ» ስትለው ከአጠገቡ ሆኜ ሰማሁ። አባቴ መልስ ሳይሰጣት ስልኩ ተቋረጠ፤ ደጋግሞ ደወለላት፣ አልገባ አለው። በማግስቱ ስታገኘን ለገና እንመጣለን አላት፤ ገናም እየደረሰ ነበር።

እኔ በበኩሌ አንድ ነገር ደርሼበት ነበር። ኤዶ ፋዱማ መኪናዋ ውስጥ እያሉ ድምፁ የለም፤ ገበያ በር ላይ ሲወርዱ ይጀምራል። በየቀኑ። ኤዶ ሲገቡ ቢስሚላሂ ብለው ነው የሚቀመጡት፤ ስለዚህ ድምፁን ዝም የሚያሰኘው እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። አዴር ሙሴም ቢስሚላሂ ብለው ነበር። የአባቴ ባልደረባ ግን አላለም፤ እሱን ሆን ብዬ ዘለልኩት። ለኤዶ ምስጢሬን ነገርኳቸውና ሲወርዱ መኪናዋን እንዲመርቁልን ለመንኳቸው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ። «አባዮ፣ ብረት እኔን አይሰማም» አሉኝ፣ እህቴ እንደማለት ነው፣ ጉንጬን ያዝ አድርገው፤ «እናትሽ ናፍቃሽ ነው።» እኔ ግን አላመንኳቸውም። እሳቸው ወርደው ስንሄድ ከኋላ ሆኜ በሹክሹክታ ቢስሚላሂ አልኩ፤ እንዳይቀር ብዬ በስመ አብም ጨመርኩበት። ቅጭ ቅጩ ቀጠለ።

ገና አራት ቀን ሲቀረው አባቴ ራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ ገናን እዚሁ እናሳልፋለን አለኝ። ድምፁ አልተገኘም፣ እሱም አይሞክረውም። አልጮህኩም። መኮሮኒዬን ትቼ ተነስቼ ተኛሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ።

በማግስቱ ጠዋት ኤዶን ገበያ አወረድናቸው። አባቴ ጀሪካኖቹን አውርዶላቸው ተመልሶ ገባ፣ ሄድን፣ ቅጭ ቅጭ ቅጭ። እኔ ኩርፊያዬ አልወጣልኝም፤ ግን በጣም ናፍቃኝ ነበር፣ ሰው እናቱን እንደዚያ እንደሚናፍቅ ከዚያ በፊት አላውቅም። ወደፊት ተጠጋሁና ባዶውን ጋቢና ድሮ እሷ ሳለች እንደማደርገው በሁለት እጄ አቀፍኩት። ጉንጬን ጨርቁ ላይ አደረግሁ። የፀጉሯ ቅባት ሽታ ገና አለ። እና ወንበሩ ጉንጬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ቅጭ ቅጩ በአጥንቴ፣ በጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል። እናቴን አጥብቄ እንደማቅፋት አድርጌ ጨመቅሁት፣ ወደ ራሴ ሳብኩት። ዝም አለ። ለቀቅሁት፤ ቅጭ። እንደገና አቀፍኩት፤ ዝም።

«አባዬ፣ የእማዬ ወንበር ነው።»

አባቴ ዳር ይዞ አቆመ። በመስታወቱ ሳይሆን ዞሮ አየኝ። እጁን ወንበሩ ላይ አድርጎ ጫነው፣ ለቀቀው፣ ወዘወዘው። ወርዶ፣ በጋቢናው በኩል ተንበርክኮ፣ በስልኩ መብራት ከሥር አየ። የወንበሩ የፊት እግር የታሰረበት ብሎን ላልቷል፤ በጣት የሚዞር ሆኗል። እናቴ ያን ቀን በኃይል ስትስበው ይሆናል። ሰው ሲቀመጥበት ክብደቱ ይዘዋል፤ ባዶ ሲሆን ይንኳኳል። እኛ ደግሞ ሊሰማልን የመጣውን ሁሉ አክብረን፣ በር ከፍተን፣ ኖር ብለን እዚያው ድምፁ ላይ ስናስቀምጥ ከረምን።

«ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም» አለ አባቴ። ከዚያ ከመኪናው ደፍ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩ ውጪ። ባጃጆች ክላክስ እያደረጉ ያልፉናል፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ይሰማል። አባቴ ስለ ስሜቱ የሚያወራ ሰው አይደለም፤ ዛሬም አይደለም። ያን ቀን ግን መንገዱን እያየ «ናፍቃኛለች» አለ። እኔም ነው አልኩት። ብሎኑን ለማጥበቅ ወንበሩ ወደኋላ መገፋት ነበረበት፤ አለዚያ መፍቻ አይገባም። አባቴ ማንሸራተቻውን ያዘና ቆም አለ። «ልግፋው?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱ እኔን፣ የአምስተኛ ክፍል ልጅን። ግፋው አልኩት።

የገና ዕለት ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስመን፣ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ኤዶ ፋዱማ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ወተት ለእናትሽ ብለው ሰጥተውናል። ቀብሪበያን አለፍን፣ አስፋልቱ አለቀ፣ ኮረኮንቹ መጣ፣ ግመሎች መንገዱን ዘግተው አስቆሙን። መኪናዋ ከሞተሯ በቀር ድምፅ አልነበራትም። እናቴ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ነበር፤ ከስታለች፣ ፊቷ ጠቁሯል። ስትስመኝ የማላውቀው ሳሙና ሸተተኝና ደነገጥኩ። አባቴ ድምፁ ምን እንደነበረ ሲነግራት መጀመሪያ በሳቅ ወደቀች። «ሄጄም ስጨቀጭቅህ ነበር በለኛ» አለችው። ከዚያ ሳቋ ተቀየረና በጋውኗ እጅጌ ፊቷን ሸፈነች። አባቴም «አዎ» አለ፤ «አንቺ ነበርሽ።» ከምሳ በኋላ፣ የትም ሳንሄድ፣ ሦስታችንም መኪናዋ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። እናቴ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ወደፊት አስጠጋችና ብርቱካን መላጥ ጀመረች።

ዓመቱ ሲያልቅ ተመልሳ መጣች። ኤዶ ፋዱማ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ይኖራሉ፤ መኪናችን የወተቱን ሽታ ከተወች ቆየች። እኔ አሁን አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነን፤ ስድስታችንም ጆሯችን ውስጥ የሆነ ነገር ሰክተን ነው የምንውለው። ዛሬ ድምፅ ሲረብሸን ሌላ ድምፅ ከፍ እናደርግበታለን እንጂ ከየት እንደመጣ አንፈልግም። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ራሴን አላወጣም። ለአንዲት ቅጭታ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ትንፋሹን ይዞ የሚያዳምጥ ሰው ግን አባቴ ስለሆነ፣ እንደ እሱ መሆን ያምረኛል።

ከዚያች ከኤሌክትሪክ መኪና የወረድኩ ዕለት ማታ ለእናቴ ደወልኩና ነገርኳት። ወንበር አቅፌ ልጁን አስደነገጥኩት ስላት ሳቀች። ከዚያ «አልነገርንሽም እንዴ፣ የእኛዋም እንደገና ጀምራለች» አለችኝ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ነው አለች፤ ከኋላ፣ በአንቺ በኩል። አዴር ሙሴ ዘንድ ወሰዷት። አሁን በጣም አርጅተዋል፣ ግን ተምረዋል፤ አባቴ የጋቢናውን በር ሲከፍትላቸው አይሆንም ብለው ጋቢናውን ለእናቴ ትተው ራሳቸው ከኋላ በወዲያኛው ጥግ ገቡ፣ የእኔን ቦታ ባዶ ተዉት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም፣ የኋላው ወንበር ማሰሪያ በእኔ በኩል ላልቷል። መፍቻቸውን አወጡ።

«አባትሽ እጃቸውን ያዛቸው» አለች እናቴ። «ይተዉት አዴር፣ ስትመጣ ዝም ይላል አላቸው።»

ለፋሲካ ነው የምሄደው። እስከዚያ ይንኳኳ።